አራት ሺህ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ከተማ ይረጋጋል?



በ1993 ከጁን 7 እስከ ጁላይ 30 ባለው ጊዜ እስከ አራት ሺህ የሚደርሱ ሰዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ተሰባስበው ዋሽንግተን ዲሲ ከተሙ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። እነዚህ ሰዎች ሰልፍ አልወጡም፤ መፈክር አላሰሙም፤ ወንጀል የበዛባቸውን ሰፈሮች እየዞሩም ወጣቶችን አልመከሩም። ሥራቸው ጧትና ማታ በቡድን ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው በተመስጦ መቀመጥ ነበር። አዘጋጆቹ ግን ከመጀመራቸው በፊት በይፋ አንድ ነገር ተንብየው ነበር፦ በከተማዋ የሚፈጸመው የኃይል ወንጀል 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ዲሲ በዚያን ጊዜ የነፍስ ግድያ መዲና የሚል መጥፎ ስም የወጣላት ከተማ ነበረች። ሁለቱ ወር ሲያልቅ አዘጋጆቹ ትንቢታችን ደረሰ አሉ። በማግስቱ ዓመት የፕሮጀክቱ መሪ ጆን ሄግሊን የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ኢግ ኖቤል ስሙ እንደሚያሳብቀው በእውነተኛው ኖቤል ላይ የሚቀልድ ሽልማት ነው። በሌላ በኩል በ1999 የሙከራው ውጤት በአቻ ምሁራን ተገምግሞ ‹ሶሻል ኢንዲኬተርስ ሪሰርች› በተባለ የታወቀ ጆርናል ላይ ታተመ። አንድ ሥራ፣ አንድ ጊዜ መሳቂያ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይንሳዊ ጽሑፍ። ዛሬ እንድናየው የምፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ነው።

ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ አልቀየማችሁም። ሄግሊን ግን ከመንገድ የተነሣ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከሃርቫርድ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ያገኘ፣ በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን የሠራ፣ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሱ ጽሑፎች ላይ ስሙ ያለበት ተመራማሪ ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ መሳቅ ጥያቄውን አይመልስም። ስህተት ካለ ስህተቱ የት እንደሆነ ጣትን ማኖር ይጠይቃል።

የሐሳቡ ባለቤት ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ናቸው። ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን የተባለውን የተመስጦ ስልት በዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ሲሆኑ፣ በ1968 ቢትልሶች ሕንድ ድረስ ሄደው በእሳቸው ዘንድ መሰንበታቸው ዝናቸውን ከዳር እስከ ዳር አደረሰው። ትምህርታቸው እንዲህ ይላል፤ ከአንድ ማኅበረሰብ መቶኛው እጅ ይህን ተመስጦ ቢያዘወትር፣ የቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ምንም ሳያውቅ ይረጋጋል፤ ወንጀል፣ አደጋና ጠብ ይቀንሳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲዲ የሚባል ከፍ ያለ ልምምድ ሲጨመርበት ቀመሩ ቀለለ። በአንድ ሥፍራ በኅብረት እስከተደረገ ድረስ የመቶኛው እጅ ስኩዌር ሩት ይበቃል ተባለ።

ይህን በቁጥር እናውርደው። የአገራችንን ሕዝብ 120 ሚሊዮን ብንል መቶኛው 1.2 ሚሊዮን ነው፤ የዚያ ስኩዌር ሩት ወደ 1,100 ይጠጋል። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያህል ሰው ተቀምጦ መላ ኢትዮጵያን ያረጋጋል ማለት ነው። ይህን ስትሰሙ የሚመጣባችሁን ጥርጣሬ እጋራለሁ። ሆኖም ቀመሩ አንድ መልካም ጠባይ አለው፦ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥር የሚሰጥ ሰው ራሱን ለመጠየቅ አሳልፎ ሰጥቷል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

እንዴት ሊሆን ይችላል ለሚለው፣ ደጋፊዎቹ የንቃተ ኅሊና ሥረ መሠረትና በፊዚክስ የሚታሰበው አንድ ወጥ መስክ አንድ ናቸው ብለው ይመልሳሉ። ከፊዚክስ ምሁራን ይህን የሚቀበል እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ግን ዛሬ በዚህ አልሟገትም። አስፕሪን በ1899 ለገበያ ቀርቦ ሕመም ሲያስታግስ ኖሮ፣ እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ከሰባ ዓመት በኋላ በ1971 ነው። ይሠራል ወይ የሚለውን ለመመርመር እንዴት የሚለው እስኪታወቅ መጠበቅ ግድ አይደለም።

ተመስጦ በራሱ በተመሳጩ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ መፈተን ይቻላል፤ ተፈትኗልም። በ2014 አንድ የአሜሪካ የሕክምና ጆርናል 3,515 ሰዎች የተካተቱባቸውን 47 ሙከራዎች አሰባስቦ ያወጣው ግምገማ፣ አንዳንድ የተመስጦ ስልቶች ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያስታግሱ አሳይቷል። ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። ይህን ማወቅ የተቻለው ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ተመስጦ ማስተማር፣ ሌላውን ደግሞ ተመሳሳይ ጊዜ የሚወስድ ሌላ ነገር ማሠራት ስለሚቻል ነው። ከአንድ ሰው ወደ ከተማ ስንሻገር ግን መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንሸራተታል።

ችግሩ ከቀመሩ ይጀምራል። የተባለው ነገር እውነት ከሆነ፣ የቡድኑ ውጤት ተቀምጠው ባሉት ላይ አይቀርም፤ በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ ያዳርሳል። ታዲያ ያልደረሰበትን ከየት አምጥተን እናነጻጽር? አንድ ድስት ወጥ ላይ ጨው ነስንሶ ካማሰለ በኋላ፣ ጨው ያልገባበትን ጥግ ቅመሱና ልዩነቱን ንገሩኝ እንደሚል ሰው ነው። የአሜሪካ ሕዝብ በ1993 ወደ 258 ሚሊዮን ነበር፤ በቀመሩ ለመላ አገሪቱ የሚያስፈልገው 1,600 ሰው ገደማ ብቻ ነው። ዲሲ ውስጥ የተቀመጡት አራት ሺህ ደርሰው ነበር። እንግዲህ በራሳቸው ስሌት ወንጀል መቀነስ የነበረበት በዲሲ ብቻ ሳይሆን በቺካጎም፣ በሎስ አንጀለስም፣ በማያሚም ነው። ሌላውን ከተማ ማነጻጸሪያ ላድርግ ያለ ተመራማሪ በሩ ተዘጋበት።

ማነጻጸሪያ ሲጠፋ የሚቀረው ከተማዋን ከራሷ ጋር ማነጻጸር ነው። የዲሲ ተመራማሪዎችም ይህን አደረጉ። ያለፉትን ዓመታት የወንጀል መዝገብና የአየሩን ሙቀት ወስደው (ሙቀት ሲጨምር ድብደባ እንደሚበዛ የታወቀ ነው) በሞዴል አሰሉ፤ ሞዴሉ ይሆናል ካለውና ከሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ለኩ። ስለዚህ ወንጀል ቀነሰ ሲባል ካለፈው ዓመት ወይም ካለፈው ወር ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ሞዴሉ ከገመተው በታች ሆነ ማለት ነው። ግምቱ ትንሽ ዘንበል ቢል ውጤቱም አብሮት ያዘነብላል። የኢግ ኖቤሉ ጽሑፍ 18 በመቶ ይላል፤ የ1999ኙ ጥናት ደግሞ ቡድኑ በቁጥር አይሎ በነበረበት በመጨረሻው ሰሞን 23 በመቶ ገደማ ይላል። ማታለል አለበት እያልኩ አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው እንደ ቁመት ሳይሆን እንደ ግምት ስለሆነ፣ በአሰላሉ መንገድ ይለዋወጣል።

ምን ተቆጠረ የሚለውም አለ። የተለካው ነፍስ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈርና ከባድ ድብደባ ተደምረው ነው። ከሦስቱ እጅግ የሚበዛው ድብደባ ስለሆነ ድምሩን ወዲያና ወዲህ የሚጎትተው እሱ ነው። ዝርፊያ ለብቻው ተሰልቶ ትርጉም ያለው ቅናሽ እንዳላሳየ ጥናቱ ራሱ ጽፏል። ነፍስ ግድያስ? የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ምሁር ሮበርት ፓርክ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ክፉኛ የዘበተው በዚህ ላይ ነበር፤ ከተማዋ እየተረጋጋች ነው በተባለበት ሰሞን ሰው በጥይት መውደቁ አልቀነሰም ነበርና።

ፓርክን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቀው እፈልግ ነበር። ግድያ በእርግጥ 20 በመቶ ቀንሶ ቢሆንስ፣ ምን ይፈረድ ነበር? በ1993 በዲሲ በጠቅላላው 454 ሰዎች ተገድለዋል፤ በሳምንት ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። በስምንት ሳምንት ወደ 70 ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጥር ምንም ምክንያት ሳይኖረው፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ ከ70 ወደ 54 ሊወርድ ወይም ወደ 86 ሊወጣ ይችላል፤ የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን የስኩዌር ሩቱን እጥፍ በመውሰድ ያሰሉታል። ወደ ላይም ወደ ታችም 24 በመቶ ያህል ነው። የተተነበየው ቅናሽ ከአጋጣሚው መዋዠቅ ያንሳል! ስለዚህ በስምንት ሳምንት ውስጥ ግድያ ቢቀንስ ለደጋፊው ማስረጃ አይሆነውም፣ ባይቀንስም ለተቃዋሚው አይሆነውም። የሳቀውም ያልሳቀውም በዚህ ነጥብ እኩል ናቸው።

ከዲሲ አሥር ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1983 ኦገስትና ሴፕቴምበር፣ የሊባኖስ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ በኢየሩሳሌም አንድ የተመሳጮች ቡድን ተቋቋመ። ቁጥሩ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ቡድኑ ሲያድግ በኢየሩሳሌም ወንጀል፣ የመኪና አደጋና እሳት ይቀንሳል? የእስራኤል የአክሲዮን ገበያ ይነሣል? በዜና ይዘት የሚለካው የአገር ስሜት ይሻሻላል? በሊባኖስ ውጊያው ይበርዳል? ተመራማሪዎቹ መላምታቸውን ከሙከራው በፊት ለገለልተኛ ምሁራን አስረክበው ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ፣ ሊመሰገን የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ በ1988 ‹ጆርናል ኦቭ ኮንፍሊክት ሪዞሉሽን› በተባለ ከባድ ሚዛን ባለው ጆርናል ታተመ። ቡድኑ በበዛ ጊዜ መለኪያዎቹ ሁሉ ተደምረው ወደ መልካም ያዘነብላሉ፤ ይህም በሰንበት፣ በበዓል ወይም በአየር ሙቀት የሚመጣ አይደለም አሉ። የጆርናሉ አዘጋጅ፣ የየል ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ራሴት፣ ሐሳቡ ከተለመደው አስተሳሰብ የራቀ መሆኑን በማስታወሻ ገልጾ አወጣው። በዚህ ብዙ ተወቅሷል፤ እኔ ግን ደግ አደረገ እላለሁ። ባያወጣው ኖሮ ፊሊፕ ሽሮት የሚባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ1990 በዚያው ጆርናል ላይ ትንተናውን ነቅሶ ባልተቸ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም መልስ ባልሰጡ ነበር። እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ማንበብ ከብዙ የስታቲስቲክስ መማሪያ ይበልጣል።

በእነዚያ ሁለት ወራት ምን እንደሆነ አስታውሱ። ኦገስት 28 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊን ሥልጣን እንደሚለቅ አስታወቀ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የእስራኤል ጦር ከሊባኖስ የሹፍ ተራሮች ወደ አዋሊ ወንዝ አፈገፈገ፤ ባዶውን በተወው ቦታ የድሩዝና የማሮናውያን ክርስቲያኖች ሚሊሻዎች ተፋጁ። በዚያው ወር የአይሁድ አዲስ ዓመትና ዮም ኪፑር ዋሉ። ዮም ኪፑር በእስራኤል ምን እንደሚመስል እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ አውራ ጎዳናው የልጆች ብስክሌት መንጃ ይሆናል፣ የመኪና አደጋ ከየት ይመጣል? በዓሉን በሞዴል ማስተካከል ይቻል ይሆናል። የጦር ማፈግፈግን ወይም የመሪ መውረድን ግን በምን ቀመር ታስተካክላላችሁ? ሁለቱም አንዴ ብቻ ሆነው ያለፉ ነገሮች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። የቡድኑን ቁጥር ማን ወሰነው? ዕጣ አልወሰነውም። ሰዎቹ የመጡትና የቀሩት በራሳቸው ጉዳይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ዜናው ሲረግብ፣ ዕረፍት ሲገጥም ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጉባኤው ይመጣል፤ ወሬው ሲከፋ ልጆቹን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ ቡድኑ ሲበዛ ሰላም ሆነ ሳይሆን፣ ሰላም ሲሆን ቡድኑ በዛ ማለትም እኩል ያስኬዳል። ተመራማሪዎቹ የቡድኑ ቁጥር ቀድሞ ሰላሙ ተከትሎ እንደመጣ በጊዜ ተከታታይ ትንተና አሳይተናል ይላሉ። መልሱ ቀላል አይደለም፣ ላናንቀው ይገባል። ነገር ግን ሰዎች ነገ የሚሆነውን ዛሬ ሊያሸቱ ይችላሉ፤ ተኩስ አቁም ከመፈረሙ በፊት ወሬው ይሰማል። መቅደም ብቻውን ምክንያት አያደርግም። ደግሞም በተከታታይ ያሉ ቀናት እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ የትናንት ውጊያ ለዛሬው ይተርፋል። ስድሳ ቀን ቆጠርን ስንል ስድሳ የተለያየ ምስክር ሰማን ማለት አይደለም።

ከአፍሪካ ብዙ የሚነገርለት ምሳሌ ሞዛምቢክ ነው። ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው ይህን ተመስጦ ተምረው ለወታደሮቻቸውም እንዲሰጥ አድርገዋል፤ አገሪቱም ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ወጣች። ሆኖም በኦክቶበር 1992 በሮም የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ገብቷል፣ ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ለሁለቱም ወገን የሚመጣው ድጋፍ ነጥፏል፣ አፓርታይድም እየተንኮታኮተ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የተመስጦን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። በዚሁ እንለፈው።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ እኔው ላንሣው። ምህላስ? አገር ሲጨንቀው ሕዝብ ተሰብስቦ እግዚኦ ይላል፤ ይህም በሳይንስ ይመዘን ልትለን ነው? አልልም። ምህላ የሚያደርስ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ 20 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ቁጥር አያስመዘግብም፤ ልመናው መልስ ባያገኝ እንኳ ለምን እንደሆነ የሚረዳበት የራሱ መንገድ አለው። የማሃሪሺ ተከታዮች ግን ነገሩ ሃይማኖት ሳይሆን ቴክኖሎጂ ነው ብለው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ራሳቸው ወደ ሳይንስ አደባባይ መጥተዋል። ወደዚህ አደባባይ የመጣ ሁሉ በአደባባዩ ሕግ ይዳኛል።

እርግጥ ጸሎትንም ወደዚያ የወሰዱ ነበሩ። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን በስድስት ሆስፒታሎች በዕጣ በሦስት መደበ። አንደኛው ክፍል ሳያውቅ ተጸለየለት፤ ሁለተኛው ሳያውቅ አልተጸለየለትም፤ ሦስተኛው እንደሚጸለይለት ተነግሮት ተጸለየለት። ሕክምናው ያስከተለው ችግር በመጀመሪያው 52 በመቶ፣ በሁለተኛው 51 በመቶ ሆነ። በሦስተኛው 59 በመቶ ነበር። ምናልባት ‹ይህን ያህል ታምሜያለሁ እንዴ?› ብለው ደንግጠው ይሆን? የዕጣ አመዳደቡ ከኢየሩሳሌሙም ከዲሲውም እጅግ የተሻለ ነበር። ግን እዚህም ጨዉ ተነስንሷል፦ ካልተጸለየላቸው ሰዎች መካከል እናቱ፣ ሚስቱ ወይም ጎረቤቱ ያልጸለየለት ስንቱ ነው? ተመራማሪ እናትን አትጸልዪ ሊል አይችልም።

ታዲያ የቡድን ተመስጦ ጨርሶ አይፈተንም? ይፈተናል ባይ ነኝ፤ መንገዱንም የሚሰጠን ያ ቁጥር ነው። የዲሲ ከተማ ሕዝብ በ1993 ወደ 580 ሺህ ነበር። በቀመሩ የሚያስፈልገው 76 ሰው ብቻ ነው። አራት ሺህ ማምጣቱ ለማሳያ ያምር ይሆናል፤ ለፈተና ግን ጥፋት ነበር፤ አገሩን ሁሉ አጥለቅልቆ ማነጻጸሪያ አሳጣን። ሰማንያ ሰው ቢሆን ለዲሲ ይበቃል፤ 700 ሺህ ሕዝብ ለነበራት ለጎረቤቷ ለባልቲሞር ግን አይበቃም። እንግዲህ ባልቲሞር ማነጻጸሪያ ትሆነናለች። ሰማንያው ሰዎች በየሳምንቱ እሑድ ማታ ሳንቲም ይወረወርላቸው፤ ዘውድ ከወጣ በዲሲ ይቀመጡ፣ ጎፈር ከወጣ ራቅ ወዳለ ቦታ ይሂዱ ወይም ልብ ወለድ ያንብቡ። የሚቆጠረው ወንጀል አንድ ዓይነት ይሁን፣ አስቀድሞም ይመዝገብ። ቁጥሩን የሚያሰላው ሰው የትኛው ሳምንት ዘውድ እንደነበረ አይወቅ። ሳንቲሙን የሚወረውረው ከደጋፊዎችም ከተጠራጣሪዎችም የተውጣጣ ኮሚቴ ይሁን።

ግድያን በ20 በመቶ መቀነሱን በዚህ መንገድ ለማረጋገጥ ስንት ሳምንት ይፈልጋል ብዬ በግርድፉ አስልቼዋለሁ፤ በዘውድ አርባ፣ በጎፈር አርባ ሳምንት ገደማ ነው። ድብደባ ስለሚበዛ እሱን ብንቆጥር በጥቂት ወራት ያልቃል። ወጪው ለሰማንያ ሰው ማደሪያና ምግብ ነው፤ ለአራት ሺህ ሰው ከወጣው ጋር ሲተያይ ኢምንት።

ሁለት መሰናክሎች ይቀራሉ፤ ሁለቱም ከሂሳብ የመጡ አይደሉም። አንደኛው፣ ደጋፊዎቹ ውጤቱ ቡድኑ ከተበተነ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል ይላሉ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ አስቀድመው ካልጻፉልን የጎፈሩ ሳምንት ከዘውዱ ይቀላቀላል፣ ከጻፉልን ግን እነዚያን ቀናት መዝለል ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ተመስጦዬ ሰው ከመሞት ያድናል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው፣ ጎፈር ወጣ ተብሎ ለሳምንት ተነሥቶ ሂድ ሲባል ምን ይላል? ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ሲሞክሩ ለግማሹ ታካሚ የማይሰጡት ገና እርግጠኛ ስላልሆኑ ነው። እርግጠኛ የሆነ ሰው ጎፈሩን አይቀበልም። የማያምነው ደግሞ ሰማንያ ሳምንት ሆቴል አይቀመጥም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይክሮፎኑ ይዞርላችኋል።